አጋም በአጥር ዳር፦ ውሃ በሳምንት አንዴ ለሚመጣበት ግቢ ይሆናል?

የግቢ ጥግ · ሚያዝያ 12
ቦታው ቢሾፍቱ፣ አፈሩ ዋልካ። ከግንብ አጥሩ ውስጥ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባዶ መሬት አለ፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው። የምፈልገው አበባው የሚያምርና የሚሸት፣ የአገራችን የሆነ ቁጥቋጦ ነው። አጋም አሰብኩ። በዘር ይሻላል ወይስ በችግኝ? ለ12 ሜትር ስንት ይበቃል? ውሃስ? «አጋም ድርቅ ይችላል፣ ተክለህ እርሳው» የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው?

ዶማና አካፋ · ሚያዝያ 12
አጋም ለቢሾፍቱ ይሆናል። ከተማዋ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አጋም ደግሞ ከቆላ ጀምሮ እስከ 2,500 ሜትር ገደማ በደረቅ ደን ጠርዝ፣ በተረተርና በግጦሽ መሬት ዳር ራሱን ችሎ የሚበቅል ነው። ቅጠሉን አያራግፍም፤ በጋውን ሙሉ አረንጓዴ ነው።

«ተክለህ እርሳው» ያለህ ሰው ግን የሚያወራው ስለ አምስት ዓመት አጋም ነው። ድርቅ የሚችለው ሥሩ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ነው። የ30 ሳንቲሜትር ችግኝ ሥር ቲዩቡ (ችግኝ የሚፈላበት ፕላስቲክ ከረጢት) ውስጥ ያደረውን ያህል ብቻ ስለሆነ የመጀመሪያውን በጋ ያለ ውሃ አያልፍም።

ከውሃ በፊት ግን አፈርህን አስብ። ዋልካ ላይ አጋም የሚሞተው በጥር ሳይሆን በነሐሴ ነው። ዋልካ ሲርስ ያብጥና ውሃ አያሳልፍም፤ በዶማ የቆፈርከው ጉድጓድ ገንዳ ይሆናል፣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ቅጠሉ መጀመሪያ ይገረጣል፣ ከዚያ ይጠወልጋል። ሰው ሲጠወልግ ያየው ተክል የጠማው ይመስለውና ውሃ ይጨምርለታል። ነቅለህ ብታየው ሥሩ ጠቁሯል፣ ልጡ በጣት ሲሳብ ይላቀቃል፣ ይሸታል።

ስለዚህ አሁኑኑ ፈትሽ። 40 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረህ ውሃ ሙላው፣ ይስረግ፣ ማታ ላይ እንደገና ሙላው። ጠዋት ውሃ ተኝቶ ካገኘኸው ጉድጓድ ውስጥ አትትከል፤ መደቡን ከፍ አድርግ።

የግቢ ጥግ · ሚያዝያ 14
ፈተሽኩት። ማታ 12 ሰዓት ሞላሁት፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንድ ስንዝር ያህል ውሃ አለ።

ዶማና አካፋ · ሚያዝያ 14
እንግዲያው ተረተር ነው የሚያስፈልግህ። ከታች 1 ሜትር፣ ከላይ 60 ሳንቲሜትር ስፋት፣ 30 ሳንቲሜትር ከፍታ፣ በ12 ሜትር ርዝመት። ወደ 3 ሜትር ኩብ አፈር ይወስዳል። ከተረተሩ ወደ ግቢው በኩል 30 ሳንቲሜትር ስፋት፣ 25 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቅደድና መውጫ አብጅለት። በግንቡ በኩል ቦይ እንዳትቀድ፤ ውሃውን መሠረቱ ሥር ታስተኛዋለህ፣ ዋልካ ሲያብጥና ሲሰነጠቅ ደግሞ ግንብ ይዞ ነው። ከቦዩ የሚወጣው አፈር 1 ሜትር ኩብ አይሞላም፤ የቀረውን በቀይ አፈር፣ በበሰበሰ ፍግና በሬድ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ሙላው። ሬድ አሹ ከጠቅላላው አንድ አራተኛ ቢሆን ይበቃል።

አሸዋ ጨምርበት የሚልህን አትስማ። ዋልካና ደቃቅ አሸዋ ሲደርቁ እንደ ሲሚንቶ ነው የሚጋገሩት። ሬድ አሽ ቀዳዳ ስላለው አየርም ውሃም ይይዛል፤ እናንተ ዘንድ ደግሞ ድንጋዩ የአገሩ ነው።

ተረተሩ ከግንቡ 1 ሜትር ይራቅ። ካልሆነ በዚያ በኩል ለመቁረጥ መግባት አይቻልም፣ እሾሁ አያሳልፍም።

እማማ ችግኝ · ሚያዝያ 15
ልጄ፣ ዘር አሁን ብትዘራ ለዘንድሮ ክረምት አይደርስም። አጋም መጀመሪያ ላይ ዝግ ያለ ነው፤ ከቲዩብ ወጥቶ ለመሬት እስኪደርስ ከ8 እስከ 9 ወር ይፈልጋል። ለሐምሌ ተከላ እስከ ጥቅምት መጨረሻ መዘራት አለበት። ዘንድሮ መትከል ከፈለግህ ችግኝ ግዛ፤ ለመተኪያና ለሚቀጥለው ዓመት ግን ራስህ አፍላ። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ፍሬው ሙሉ በሙሉ የጠቆረውን ልቀም፤ ቀዩ አልበሰለም። በአንዱ ፍሬ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ዘር አለ። ለ25 ችግኝ 40 ቲዩብ አዘጋጅ፣ በየቲዩቡ 2 ዘር፤ 40 ፍሬ ካለህ ሞልቶ ይተርፋል። ፍሬውን በሳህን ውሃ ውስጥ አፍርጠህ እሸው። ነጭ ሙጫ አለው፣ ጣት ላይ ይጣበቃል፤ ውሃውን ሦስት አራቴ ካልቀየርክ ሙጫው ዘሩን አያይዞ ያሻግተዋል። የሚንሳፈፈውን ጣል። የተቀመጠውን በጥላ፣ በጋዜጣ ላይ አንድ ሁለት ቀን አንጠፍጥፍና በዚያው ሳምንት ዝራ። የአጋም ዘር ጎተራ አይወድም። ዓመት የከረመ ዘር የሚሸጥልህ ካለ ገንዘብህን ያዝ።

ለቲዩቡ 3 እጅ የደን አፈር ወይም ጥሩ የላይ አፈር፣ 2 እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ 1 እጅ አሸዋ። (አሸዋውን ዶማና አካፋ የከለከለው ለዋልካ ነው፣ ለቲዩብ ግድ የለም።) ቲዩቡ 12 ሳንቲሜትር ወርድ፣ 20 ቁመት ይሁን፤ ከታች ቀዳዳውን አትርሳ። ዘሩን 1 ሳንቲሜትር ቅበረው፣ ከላይ ጭድ አልብሰው፣ ዳስ ሥራለት። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይበቅላል። ብቅ ሲል ጭዱን አንሣ። ሁለቱም ከበቀሉ፣ አራት ቅጠል ሲያወጡ ደካማውን በመቀስ ቁረጥ፤ አትንቀል፣ የሌላውን ሥር ያናጋል።

ሥሩ በቲዩቡ ቀዳዳ ወጥቶ መደቡን ሲይዝ በየ3 ሳምንቱ ቲዩቡን አንሥተህ የወጣውን ቁረጥ። ያልተቆረጠ ከሆነ በተከላ ቀን ዋናው ሥር መሬት ውስጥ ይቀራል፣ አንተ የምትተክለው ግንድ ብቻ ነው። ከግንቦት ጀምሮ ዳሱን እያሳሳህ ውሃውን እየቀነስክ አጠንክረው።

አንድ ጥያቄ · ሚያዝያ 15
በቁራጭ አይቻልም? ጎረቤት ቤት ትልቅ አጋም አለ።

እማማ ችግኝ · ሚያዝያ 15
ከቁራጭ ብዙው ይደርቃል፤ ሥር የሚይዘው ጥቂት ነው። ከትልቁ ዛፍ የሚሻለው አጎንብሶ መቅበር ነው። ወደ መሬት የቀረበ፣ እርሳስ የሚያክል ቅርንጫፍ ፈልግ። ከሥር በኩል ልጡን ሁለት ጣት ያህል ፋቅ፣ ሙጫው እስኪቆም ጠብቅ፣ 10 ሳንቲሜትር ቅበርና ድንጋይ ጫንበት። ጫፉ ውጭ ይሁን። ክረምቱን ሙሉ ተወው። መስከረም ላይ ቀስ ብለህ አፈሩን ግለጥ፤ ሥር ካወጣ ከእናቱ ቁረጠው፣ ካላወጣ መልሰህ ቅበር። በዚህ መንገድ የተነሣው ከዘር ከተነሣው ቀድሞ ያብባል።

ሐረር በር · ሚያዝያ 16
ችግኝ ግዛ ከተባለ አንድ ነገር በጥብቅ ይያዝ፦ መረንዝ እንዳትገዙ።

መረንዝ (ኦሮምኛ ቀራሩ) የአጋም ቤተሰብ ነው። ቁጥቋጦ ነው፣ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፣ አበባው ነጭና ሮዝ ሆኖ ይሸታል፣ ፍሬው ሲበስል ይጠቁራል። ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው አጋም ነው ይላል። በምሥራቅ አፍሪካ የቀስት መርዝ የሚነጠረው ከዚህ ተክል ነው፤ መርዙ ልብን ነው የሚያቆመው። ሕፃናት ባሉበት ግቢ መገኘት የለበትም።

መለያው እሾህ ነው። አጋም በቅጠሎቹ መገናኛ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚወጣ ቀጥ ያለ ጠንካራ እሾህ አለው፤ አንዳንዴ ጫፉ መንታ ነው። መረንዝ እሾህ የሚባል ነገር የለውም። ሁለተኛ፣ የአጋም አበባ ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነው የሚሰባሰበው፤ የመረንዝ አበባ ከቅጠሉ ብብት ላይ ተጨናንቆ ይወጣል። ሦስተኛ፣ የመረንዝ ቅጠል ወፍራምና እንደ ቆዳ የደረቀ ነው።

ችግሩ ገና ሕፃን የሆነ የአጋም ችግኝ እሾሁ አነስተኛ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከ25 ሳንቲሜትር በታች የሆነ፣ እሾህ የማይታይበት ችግኝ አትግዙ። «አጋምሳ (አጋም በኦሮምኛ) ነው» ስላሉ ብቻ አትቀበሉ፤ በጣታችሁ ዳብሱት። የዛፍ ፍሬ ለቅማችሁ ዘር የምታወጡም እናት ዛፉን ዳብሱ። ወተቱ የራሱ የአጋሙም ቢሆን ዓይን ያቃጥላል፣ ያልበሰለ ፍሬም አይበላም።

የግቢ ጥግ · ሚያዝያ 16
ይህን አላውቅም ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሕፃናት አሉ። አጋሙ ራሱ ለሕፃን ያሰጋል?

ሐረር በር · ሚያዝያ 16
የበሰለውን ጥቁር ፍሬ ሕፃን አዋቂ ይበላዋል፤ የሚያሰጋው እሾሁ ነው። ኳስ ከሚጫወቱበት ቦታና ከመተላለፊያ 1.5 ሜትር አርቀው። ስትቆርጠው የወደቀውን ቅርንጫፍ በዚያው ቀን ሰብስብ። የደረቀ የአጋም እሾህ ሸበጥ ይበሳል፣ የመኪና ጎማም አይምርም።

ወይና ደጋ · ሚያዝያ 17
ስለ ውሃው ያልተመለሰ ጥያቄ አለ። ሂሳቡ ቀላል ነው።

ተከላው በሐምሌ ከሆነ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናቡ ይበቃል። ዝናቡ ሲወጣ ለአንድ ተክል 5 ሊትር በሳምንት አንዴ፣ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ። ከዚያ 10 ሊትር በየ15 ቀኑ፣ የበልግ ዝናብ እስኪገባ። በሁለተኛው በጋ በወር አንዴ 10 ሊትር። ከሦስተኛው በጋ ጀምሮ ምንም፤ ከባድ ድርቅ ካልመጣ በስተቀር።

በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ተክሉን ያበላሸዋል። አንድ ጣሳ ውሃ የላይኛውን 5 ሳንቲሜትር ብቻ ነው የሚያርሰው፤ ሥሩም እዚያው ላይ ይቀራል፣ አንድ ሳምንት ስትጠፋበት ይደርቃል። 5 ሊትሩን ባንዴ፣ ቀስ ብሎ አጠጣው። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ክዳኑን በሚስማር ሁለት ቦታ በስተህ፣ ቂጡን ቆርጠህ፣ ከግንዱ 20 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ በአፉ ደፍተህ ብትተክለው ውሃው ጥልቅ ይወርዳል። ክዳኑን በጨርቅ ቁራጭ ካልሸፈንከው በሳምንቱ በጭቃ ይደፈናል።

የሩዝ፣ የምስርና የአትክልት እጣቢ ደህና ነው። የልብስ እጣቢ መጀመሪያው ውሃ ጨው ስለሆነ አይሆንም፤ የመጨረሻው ያለቅልቅ ውሃ አልፎ አልፎ ቢሆን አይጎዳም። በረኪና የነካው ፈጽሞ አይሆንም።

ጉዝጓዝ ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር አልብሰው፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቀህ። የጤፍ ጭድ ጥሩ ነው፣ ምስጥ ካለበት ግን ድግስ ነው የምትጠራለት፤ እዚያ ሬድ አሹን ራሱን ጉዝጓዝ አድርገው። ዋልካ በበጋ ሲሰነጠቅ ሥር ይበጥሳል፤ ጉዝጓዝ ከውሃ መቆጠቡ ባልተናነሰ የሚጠቅመው መሰንጠቁን ስለሚቀንስ ነው።

ፀሐይ መውጫ · ሚያዝያ 17
በመሐል በመሐሉ ቁልቋል ብትተክልስ? እሱም ውሃ አይፈልግም፣ ዋጋውም ይቀንሳል።

ወይና ደጋ · ሚያዝያ 17
«አጋም ጥግ የበቀለ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ሲባል አልሰማህም? ንፋስ በነፈሰ ቁጥር የአጋሙ እሾህ ቁልቋሉን ይወጋዋል፣ ቁልቋሉ ወተቱን ያፈሳል፤ ያ ወተት ዓይን ውስጥ ቢገባ ደግሞ የምታለቅሰው አንተ ነህ። መሐሉን በሌላ መሙላት ከተፈለገ ዝግጣ ይሻላል፦ ቢጫ አበባው እንደ ዘለላ ይንጠለጠላል፣ ድርቅም ይችላል። ዘሩ ልጡ ጠንካራ ስለሆነ በፈላ ውሃ ነክረህ ሌሊቱን አሳድረው። እሱም የሚበላ አይደለም፤ ቅጠሉ ከብት ላይ ቅማል የሚገደልበት ነው።

ብርድ አገር · ሚያዝያ 18
ደብረ ብርሃን ለሆነ ሰውስ?

እማማ ችግኝ · ሚያዝያ 18
አጋሙን ተዉት፣ ውርጭ ያቃጥለዋል። ለእናንተ ቀጋ ነው። ከሰሃራ በታች በተፈጥሮ የሚበቅል ጽጌረዳ እሱ ብቻ ነው፤ አበባው ነጭ፣ ይሸታል፣ ፍሬው ቀይ ሆኖ ይበላል። እሾሁ እንደ መንጠቆ ስለሆነ ልብስ ይይዛል። አሜጃም አለላችሁ፣ ቢጫ አበባ።

ሳንዲዬጎ · ሚያዝያ 19
እዚህ «ናታል ፕለም» ተብሎ በየችግኝ መሸጫው ያለው አጋም ነው? በጣም ይመሳሰላል።

ዶማና አካፋ · ሚያዝያ 19
ዘመዱ ነው፣ ራሱ አይደለም። ያኛው የደቡብ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ተክል ነው። አበባው ነጭ በነጭና ትልልቅ፣ እሾሁ ጫፉ መንታ፣ ፍሬው ቀይ ሆኖ እንደ ትንሽ ፕለም ነው። የአጋም አበባ እንቡጡ ከውጭ ሮዝ ነው፤ ሲፈነዳ ባለ 5 ቅጠል ነጭ ኮከብ ይሆንና ጀርባው ብቻ ሮዝ ይቀራል። ፍሬው አተር ከፍ ያለ፣ ጥቁር። አያያዙ ተመሳሳይ ስለሆነ እዚህ የተባለው ውሃና መቁረጥ ለሱም ይሠራል። ከአገር ቤት ዘር በሻንጣ ይዞ መግባት ፈቃድ ይጠይቃል፣ ኤርፖርት ላይ ይወስዱብሃል፤ ቢያልፍልህም ሰንብቶ የደረሰ ዘር አይበቅልልህም። ያለውን ትከል።

መቀስ · ሚያዝያ 20
አበባ ነው የተፈለገው ከተባለ ስለ መቁረጥ ልጨምር፤ አብዛኛው ሰው «አጋሜ አያብብም» የሚለው ራሱ እየቆረጠው ነውና።

አጋም የሚያብበው በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነው። በየወሩ እንደ ግንብ ጠርበህ ካስተካከልከው በየወሩ እንቡጡን እየጣልክ ነው። ወይ ቀጥ ያለ አጥር፣ ወይ አበባ፤ ሁለቱም ባንድ ላይ አይገኙም። ለአበባ ከሆነ በዓመት አንዴ፣ ፍሬው ካለቀ በኋላ ብቻ ቁረጥ፣ ከርዝመቱ አንድ ሦስተኛ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረገው የመጀመሪያው ቁርጥ ነው፦ ከተተከለ በኋላ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን በ30 ሳንቲሜትር ላይ ቀንጥበው፣ ከሥር ቅርንጫፍ እንዲያወጣ። ይህ ከተዘለለ ታችው ባዶ ሆኖ ይቀራል፣ ዶሮም ውሻም ያልፍበታል፣ በኋላ አይመለስም።

ሌሎቹ የማያብብባቸው ምክንያቶች፦ ጥላ (ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል)፤ ዩሪያ ወይም ትኩስ ፍግ፣ ቅጠል ብቻ ያስወጣዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ውሃ። ድርቁ ራሱ እንዲያብብ ከሚገፋፉት ነገሮች አንዱ ነው፤ ደረቅ ወራት አልፈውት ዝናብ ሲነካው ያኔ ግቢው ይሸታል። ከዘር ከሆነ ደግሞ በሁለተኛው ዓመት አበባ ባይኖር አትጨነቅ።

የቆዳ ጓንትና መነጽር አድርግ። መቀሱ ላይ ወተቱ ይደርቅና ይጣበቃል፤ በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ ጥረገው፣ ዘይት ቀባው።

የግቢ ጥግ · ሚያዝያ 20
ተባይስ?

መቀስ · ሚያዝያ 20
ብዙ የለበትም። ቅጠሉ ላይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ካየህና ጉንዳን ግንዱን ከተመላለሰበት፣ ከቅጠሉ ሥር ቡናማ ቅርፊት ወይም ነጭ ጥጥ የመሰለ ነፍሳት ፈልግ። ጥላሸቱ የሚበቅለው ነፍሳቱ በሚያንጠባጥቡት ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ ነው፤ ጥላሸቱን ብቻ ብታጥበው ይመለሳል። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በጥብጠህ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀ በኋላ ከቅጠሉ ሥር እርጭ፣ በሳምንት አንዴ፣ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክረው። ጉንዳኑ መወጣጫ እንዲያጣ መሬት የነካውን ቅርንጫፍ ቁረጥ።

ፍየል ካለ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አጥርለት። እሾሁ ሳይጠነክር ቅጠሉን ትጨርሰዋለች።

የግቢ ጥግ · ሚያዝያ 22
እንግዲህ ተረተሩን በግንቦት እሠራለሁ፣ ችግኙን አጋም መሆኑን ዳብሼ እገዛለሁ። በ60 ሳንቲሜትር ርቀት ለ12 ሜትር 21 ችግኝ ይላል ሂሳቤ። ልክ ነው?

ዶማና አካፋ · ሚያዝያ 22
ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆጥረህ ነው። ተረተሩ ጫፉ ላይ ይናዳል፣ ስለዚህ ከሁለቱም ጫፍ 50 ሳንቲሜትር ተው። የቀረው 11 ሜትር ነው፤ 19 ችግኝ፣ በ61 ሳንቲሜትር ርቀት። ለመተኪያ 4 ጨምርና 23 ግዛ፣ ትርፉን በቲዩቡ ጥላ ውስጥ አቆየው። በሳምንት ውሃህ 19 ጊዜ 5፣ 95 ሊትር፤ 5 ጀሪካን ይበቃል፣ በርሜል ሙሉ ውሃ ከያዝክ ግማሹ ለቤት ይተርፋል።

ተረተሩን ከሠራህ በኋላ ቢያንስ አንድ ሁለት ዝናብ ይምታውና ይስከን፣ ከዚያ ጉድጓዱን 40 በ40 በ40 ቆፍር። ከላይ የወጣውን አፈር ለብቻ አድርገህ ከፍጉ ጋር አደባልቀውና ከሥሩ አጠገብ እሱን መልስ። ቲዩቡን በምላጭ ከጎን ቀድደህ አውልቅ፤ ፕላስቲኩን ይዞ የሚተከል ችግኝ አሁንም ይታያል። የችግኙ አንገት ከመሬቱ እኩል ወይም አንድ ጣት ከፍ ይበል፣ ዝቅ እንዳይል፤ አዲስ አፈር ሲሰክን ዝቅ ይላልና። በእግር አትደልድለው፣ በእጅ ጠቅጠቅ ይበቃል።

የግቢ ጥግ · ሚያዝያ 22
ቦዩን ወደ የት ላውጣው? ከግቢው በር በኩል መንገዱ ከፍ ያለ ነው።

ዶማና አካፋ · ሚያዝያ 22
እንግዲያው ወደ ሌላኛው ጫፍ አዘንብለው። በ12 ሜትር ውስጥ 12 ሳንቲሜትር ዝቅ ካለ ውሃው ይሄዳል። ሲባጎ ወጥረህ በውሃ ልክ ለካው፣ በዓይን አትመን።